አራት ደቂቃ ለሚሮጥ ሰው

ማንጠልጠያው ባዶ ነበር።

የጣቢያ ሹሟ ከማቋረጫው መልስ ባንዲራዋን በብብቷ እንደያዘች ቢሮዋ ገባች። እንደ ልማዷ ቀድማ ግድግዳውን አየች። ሰዓቱ አለ፤ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሰባት ይላል። ከሰዓቱ ሥር ማንጠልጠያው አለ። በትሩ ግን የለም።

ክንድ የሚያህል ብረት ነው። ገበያ ቢወጣ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ግን ከዚህ እስከ ላይኛው ጣቢያ ያለው ሐዲድ አንድ ብቻ ነው፤ በትሩም አንድ ብቻ። በትሩን የያዘ ባቡር ይሄዳል፣ ያልያዘ ይቆማል። ሁለት ባቡሮች በአንድ ሐዲድ ፊት ለፊት እንዳይገናኙ የተበጀ የድሮ ብልሃት ነው፤ እስከ ዛሬ የባቡር ሰዎችን አሳፍሮ አያውቅም።

የጠዋቱን የሕዝብ ባቡር ከላይ ያመጣው ነጂ አንድ ሰዓት ላይ በትሩን አስረክቧት፣ በገዛ እጇ ሰቅላው ነበር። ከዚያ ባቡሩ ተሳፋሪውን ጭኖ ቁልቁል ሊሄድ ሲል የመኪና መንገዱን ማቋረጫ በአጥሩ ልትዘጋ ወጣች። በጣቢያው ሁለተኛ ሐዲድ ላይ ልዩ ባቡር በትሩን እየጠበቀ ቆሟል። የጫነው ገምጋሚ ኮሚቴውን ነው። የመንገደኛ ባቡሩ በመንግሥት እጅ ይቆይ ወይስ ለኩባንያ ይሰጥ የሚለውን ሊወስኑ፣ መስመሩን እስከ ጫፉ ሊያዩ የመጡ ሰዎች ናቸው።

የኩባንያው ሰነድ ትናንሽ ጣቢያዎችን "የማያዋጡ" ይላቸዋል። የሚዘጉትም በዝርዝር ተቀምጠዋል። የእሷ ጣቢያ ሦስተኛ ነው። በዚህ ባቡር ትምህርት ቤት የሚሄዱት ልጆች፣ በሳምንት ሁለቴ ለኩላሊት እጥበት የሚመላለሱት አዛውንት በምን እንደሚሄዱ ሰነዱ አይናገርም።

ወደ መሳፈሪያው ወጣች።

"በትሩ የለም!" አለች ጮክ ብላ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ከፉርጎው መስኮት አንገቱን አወጣ። "የምን በትር?"

ተነገረው። ሰብሳቢው ሳቀ። "ለአንድ ብረት እዚህ ልንውል ነው? ነጂው ይንዳ።"

"አይነዳም" አለች።

"ማነው የከለከለው?"

"እኔ።" ወርዳ ከባቡሩ ፊት ሐዲዱ መካከል ቆመች። "ከላይ የሚመጣ ቢኖርስ? ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ባቡር ያለ በትር ለቅቄ አላውቅም። በእርስዎ አልጀምርም።"

የመስመሩ ሥራ አስኪያጅ ከተሳፋሪዎች መጠበቂያ አዳራሹ ወጣ። ሠራተኛው "ባለ ካርታው" ይለዋል፤ ካርታ የሚይዝበት ረጅም የቆዳ ማኅደር ከትከሻው ስለማይወርድ። በመኪና መጥቶ በመኪና የሚሄድ ሰው ነው። ዛሬ ግን ኮሚቴውን አጅቦ በልዩ ባቡር መጥቷል። ማለዳ አዳራሹ ውስጥ ቆሞ የእጅ ሰዓቱን ሲያስተካክል አይታው ነበር።

"ይኸውላችሁ" አለ ለኮሚቴው። "አንድ በትር መጠበቅ ያቃተው መሥሪያ ቤት ሕዝብ አጓጉዛለሁ ይላል። ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ ደውያለሁ፤ ፖሊስም እየመጣ ነው።"

ሰብሳቢው ተናዶ፣ "እንግዲያው እስኪመጣ ካርታውን አሳየን" አለው።

"ባቡር ሳይኖር ካርታ ምን ያደርጋል?" ብሎ ማኅደሩን ወደ ጀርባው ገፋ አደረገው።

መርማሪው ከአንድ ሰዓት በኋላ በሞተር ብስክሌት ደረሰ። ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ቢሮዋ ገብቶ በወንበሯ ላይ ተቀመጠ። እሷ ቆመች።

"በትሩን መጨረሻ የያዘው?"

"እኔ።"

"ከአንቺ በፊት?"

"የጠዋቱ ባቡር ነጂ።"

"የባልሽ ወንድም ነው አሉ።"

"አዎ፣ ዋርሳዬ ነው።"

"በየስብሰባው 'ባቡራችን አይሸጥም' እያለ ጠረጴዛ የሚደበድበው?"

"ጠረጴዛ ይደበድባል። በትር አይሰርቅም።"

"ኮሚቴው እንዳይሄድ ተመካክራችሁ በትሩን ይዞት ቢወርድስ?"

"ኮሚቴው እንዲሄድ ከእኔ በላይ የሚፈልግ የለም። እላይ ወጥቶ ስንት ሰው እንደሚሳፈር በዓይኑ እንዲያይልኝ ነው ሳምንቱን ሙሉ ይህን ጣቢያ ስፈትግ የከረምኩት።"

መርማሪው ወደ ታችኛው ጣቢያ ደወለ። ባቡሩን ፈትሸውት ኖሯል። ከነጂው ቦታ የተገኘው የምሳ ዕቃና አንድ ጥንድ ካልሲ ነው። ነጂው ራሱ ስልኩ ላይ ሲመጣ መርማሪው እጀታውን ከጆሮው አራቀ።

"እትዬን ነው የጠረጠራችሁት? አበዳችሁ?"

"በመጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?"

"የጉዞ ደብተሬ ላይ አለ። አንድ ሰዓት ከአሥራ ሦስት፣ ማቋረጫ፣ ባንዲራ ታይቷል። ካለፍኩ በኋላም አጥሩን ስትከፍት በመስታወት አይቻታለሁ።"

መርማሪው ጻፈ። ግን አልተረታም። በሩ ላይ ባለ ካርታው የእግድ ደብዳቤ ይዞ ቆሟል። በግዴለሽነት የመንግሥት ንብረት በማጥፋት፣ ይላል። አስቀድሞ አሰናድቶት የመጣ ይመስል ደብዳቤው በታይፕ የተጻፈ ነው፤ ስሟና ቀኑ ብቻ በእጅ ተሞልቷል።

"ፈርሚና ከመርማሪው ጋር ሂጂ" አላት።

"አልፈርምም።"

"እምቢ ማለት ክሱን ያከብደዋል።"

"ይክበድ። ሐዲድ ስሸከም ነው ያረጀሁት።"

መርማሪው ባለ ካርታውን ውጭ እንዲጠብቅ ነገረውና ቃሏን ሊያስፈርማት ከመጀመሪያው አንስቶ ያነብላት ጀመር። ድምፁ ሥራውን ለመጨረስ የቸኮለ ሰው ድምፅ ነው።

"…በአንድ ሰዓት ከአሥራ አራት የበትሩ መጥፋት ለመቆጣጠሪያ ማዕከሉ በስልክ ተነገረ…"

"ይቆዩ። ከስንት አሉ?"

"ከአሥራ አራት። የማዕከሉ ሠራተኛ ጥሪ ሲገባ ሰዓቱን ይመዘግባል። ደውዬ ጠይቄ ነው የጻፍኩት።"

ግድግዳዋ ላይ ያለውን ሰዓት አመለከተችው። "ይኼና የማዕከሉ ሰዓት በየማለዳው በስልክ ይመሳከራሉ። ዋርሳዬም ሰዓቱን ከዚህ ነው የሚሞላው። በአሥራ አራት እኔ ማቋረጫው ላይ አጥር እየከፈትኩ ነው። ማንጠልጠያውን ያየሁት በአሥራ ሰባት ነው። እኔ ያላየሁትን ማን አይቶ ደወለ?"

መርማሪው ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ ከወንበሯ ተነሣና፣ "ይቀመጡ" አላት። እስካሁን አንቺ ሲል ነበር።

ባለ ካርታው ተጠራ።

"ለማዕከሉ የደወሉት እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። አዳራሹ ግድግዳ ላይ ባለው ስልክ።"

"በስንት ሰዓት?"

"አንድ ከአሥራ ስምንት። ሴትዮዋ ስትጮህ ሰምቼ።"

"እርግጠኛ ነዎት?"

"ሰዓቴን አይቼ ነው የደወልኩት።" የእጅ ሰዓቱን ዘረጋው። "ጠዋት አራት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቶ አግኝቼው ከአዳራሹ ሰዓት ጋር አስተካክዬዋለሁ። በዚህ ጣቢያ በትክክል የሚሠራ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው።"

የጣቢያ ሹሟ ሳቋ አመለጣት። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ይሄኔ ነው፤ ፖሊስ ያስጠራው እሱ ራሱ ነው።

"መርማሪ፣ የአዳራሹ ሰዓት አራት ደቂቃ ይቀድማል። እኔ ሳልቀጠር ጀምሮ ይቀድማል። በዚህ መስመር ባሉ ትናንሽ ጣቢያዎች ሁሉ እንዲሁ ነው። የሚዘገይ ሰው አይጠፋም፤ ልጅ አዝላ የምትመጣ አለች፣ እግሩ የማይታዘዝለት አለ። ሰዓቱን ሲያዩ ደንግጠው ይሮጣሉ፤ ይደርሳሉ። መመሪያ ላይ አልተጻፈም። ሠራተኛው ያውቃል፤ ተሳፋሪውም ግማሹ ያውቃል፣ ሲቸኩል ግን ይረሳዋል። ጨርሶ የማያውቀው በባቡራችን ተሳፍሮ የማያውቅ ሰው ነው።"

መርማሪው ወደ ባለ ካርታው ዞረ። "ከማቋረጫው በስንት እንደምትመለስ ያውቃሉ?"

ባለ ካርታው የማኅደሩን ማንገቻ ያዝ አደረገ።

"በአሥራ ሰባት" አለች እሷ። "የሥራ ዝርዝሬን የፈረመው እሱ ነው። በአሥራ ስምንት ቢደውል ጩኸቴን ሰምቶ ይመስላል። ግን የእሱ አሥራ ስምንት የእኔ አሥራ አራት ነው፤ አራት ደቂቃ ቀድሞ ጮኸልኝ።"

"ሰዓት ነው፤ ይሳሳታል" አለ ባለ ካርታው።

"እንግዲያው ካርታውን እንይ" አለች።

መርማሪው ማኅደሩን ከባለ ካርታው ትከሻ አወረደ። ሲቀበለው ክንዱ ዝቅ አለ፤ ወረቀት እንዲህ አይከብድም። ይዞት ወደ መሳፈሪያው ወጣና በኮሚቴው ፊት አግዳሚው ላይ ገለበጠው። ሁለት የተጠቀለሉ ካርታዎች ወጡ። ቀጥሎ በትሩ ወጣ።

ሰብሳቢው ከፉርጎው ወረደ። "ለምን?"

ባለ ካርታው መጀመሪያ መሬት መሬት አየ። ከዚያ ቀና አለ። "አሥራ አምስት ዓመት መለዋወጫ ጠየቅሁ። የላካችሁልኝ ደብዳቤ ነው። ኩባንያው አዲስ ፉርጎ ያመጣል፤ እኔን ኃላፊ ሊያደርገኝ ቃል ገብቷል፣ አልደብቅም። ይህ መሥሪያ ቤት የሞተ ነው። እኔ ቀብሩን ነው ያፋጠንኩት።"

የጣቢያ ሹሟ በትሩን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ስታናግረው አሥራ አምስት ዓመት እርስዎ ያለችውን ሰው አንተ አለችው።

"መለዋወጫ መከልከልህ እውነት ነው። ጥፋቱም የእነዚህ ነው" አለች፣ በበትሩ ወደ ኮሚቴው እያመለከተች። "የታመመ ሰው ግን ሐኪም ይጠራለታል እንጂ በትራስ አይታፈንም። ደግሞስ የሞተ ከሆነ በትር መስረቅ ምን አስፈለገህ? የሞተማ በራሱ ይቆም ነበር። ስለሚሄድ ነው የሰረቅኸው።"

መርማሪው ባለ ካርታውን ክንዱን ይዞ ወሰደው። የእግድ ደብዳቤው አግዳሚው ላይ ቀረ፤ እሷም አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው። ለዋርሳዋ ልታሳየው ፈልጋለች።

ልዩ ባቡሩ በሦስት ሰዓት ተኩል እንዲነሣ ተወሰነ።

"ይህ የአዳራሽ ሰዓት ግን ይስተካከል" አላት ሰብሳቢው። "ሕዝብን ማሳሳት ነው።"

"አይስተካከልም።"

"ማን ፈቅዶልሽ?"

"የሚሮጡት።"

ሰብሳቢው ራሱን ነቅንቆ እጁን ሊታጠብ ወደ አዳራሹ ጓሮ ሄደ። እሷ በመሳፈሪያው ቆመች። ሦስት ከሃያ አምስት ሆነ። ሦስት ከሃያ ስድስት ሲሆን የአዳራሹ በር ተበርግዶ ሰብሳቢው ብቅ አለ። ከራሱ በላይ ያለው ሰዓት ሦስት ሰዓት ተኩል ይላል። ከረባቱ ትከሻው ላይ ወጥቷል፣ እጁ እንደረጠበ ነው፤ እንደ ተማሪ ይሮጣል። ዘሎ ፉርጎው ላይ ወጣና የበሩን እጀታ ይዞ አለከለከ።

"ሊያመልጠኝ… ነበር…"

"አራት ደቂቃ አለዎት" አለችው። "ቁጭ ብለው ይተንፍሱ።"

ዞሮ የአዳራሹን ሰዓት አየ። ከዚያ የእጅ ሰዓቱን አየ። ገብቶ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠና የሚዘጉት ጣቢያዎች ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ከደረት ኪሱ አወጣ። ብዕርም አወጣ።

ምን እንደጻፈ አላየችም። በትሩን ለነጂው እያስረከበች ነበር። ነጂው በሁለት እጁ ተቀበላት።

ባንዲራዋን ዘረጋች፣ ግን አላነሣችም። ሰዓቷ ገና ነው። ሌላ የሚሮጥ ሰው ይኖር እንደሆነ የአዳራሹን በር እያየች ጠበቀች።