በውጭ በኩል ያለው መቀርቀሪያ

የደጅ ቀን ዋዜማ ላይ ነው ያ ጉድ የተሰማው፦ የንጉሡ በር መቀርቀሪያ ተሰረቀ!

መቀርቀሪያ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። በሐምራ ምድር የሰው ሁሉ ቤት መቀርቀሪያው ከውስጥ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ግን ከውጭ። ድሮ፣ ተራሮቹ ገና ስም ሳይወጣላቸው፣ ሕዝቡ የመጀመሪያውን ንጉሥ «እሺ ንገሥ፤ በርህን የምንዘጋው ግን እኛ ነን» ብሎት ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓመት አንድ ቀን፣ በደጅ ቀን፣ ንጉሡ ከውጭ ይቀረቀርበታል። ደጁ ላይ የቆመ ሁሉ የልቡን ይናገራል፤ ንጉሡ ይሰማል እንጂ አይመልስም። ስድብም ቢሆን ይሰማል! ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፈትለታል። የሐምራ ሕግ ሁሉ እናቱ ይህቺ ቀን ናት።

ንጉሥ ዳርማል ግን ሰገነቱ ላይ ወጥቶ «ሕዝቤ ሆይ! መቀርቀሪያውን የሰረቀው የጉም ተራራው አውሬ ጉማ ነው። ስለ ደኅንነታችሁ ስል የደጅ ቀን ለጊዜው ቀርቷል» አለ።

ያ «ለጊዜው» ሁለት ዓመት ሞላው። መጀመሪያ «አውሬው እንዳይገባባችሁ ወታደሮቼ ቤታችሁን ይፈትሹ» ተባለ፤ ሕዝቡ እሺ አለ። ቀጥሎ «ለመፈተሽ እንዲመቻቸው መቀርቀሪያችሁን አስረክቡ» ተባለ፤ እሱም እሺ። ከዚያ ምንጭ ዳር ቆሞ ማውራት ክልክል ሆነ። የዘሚራ እናት ሙናዬ አንድ ጠዋት እንስራዋን እየሞላች «ኧረ ይሄ የደጅ ቀን መቼ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጥፋቷ ይኸው ነው። ነገ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ከገደሉ ወደ ጉሙ ትወርወር ተብሎ ተፈረደባት፤ ለአውሬው ቀለብ!

ዘሚራ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ፣ ጓደኛዋን ሹሬን ጎትታ፣ አያ ጥልፎ ጎጆ ደረሰች። አያ ጥልፎ ዕድሜውን ሙሉ የንጉሡን በር ሲዘጋና ሲከፍት ኖሮ፣ ዳርማል ያባረረው ሽማግሌ ነው።

«አያ፣ ሌላ እንጨት ቆርጠን ብንዘጋበትስ?»

«መቀርቀሪያው የሚገባበት ማቀፊያ አይቀበልም ልጄ። ያ መቀርቀሪያ ራሷን ከሰጠች ዛፍ የተሠራ ነው። ራሱን ያልሰጠ ነገር ብታስገቢበት ሰባብሮ ይተፋዋል። እሱ አንዴ ከገባ ግን የጠባቂዎቹ ጌታ ንጉሡ መሆኑ ያበቃል፤ ጌታቸው ሕዝቡ ነው። ሲሾሙ እንደዚያ ምለዋል። መሐላውን ያፈረሰ፣ ጦሩ እጁ ላይ እባብ ይሆንበታል!»

ሹሬ ጥፍሯን እየበላች «እኔ ግን ፈራሁ። ንጉሥ እኮ ነው» አለች። «ዝም ብለን ብንችለውስ? ሰው ደስ ባላለው ቁጥር በር ከዘጋ አገር ይኖራል?»

አያ ጥልፎ አልተቆጣትም። «ጥሩ ጠየቅሽ። ግብር ቢያበዛ ተከራከሩት። ቢሳሳት ምከሩት፣ እናንተም ትሳሳታላችሁና ታገሱት። አልሰማም ቢል ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ። መናገሪያ ደጃችሁን የወሰደ ቀን ግን፣ ቀሪውን በምን አፋችሁ ልትከራከሩት ነው? ያኔ እምቢ ማለት ግዴታ ነው። እኛ እኮ ሁለት ዓመት ዘግይተናል!»

ዘሚራ ብድግ አለች። እጇን መቀርቀሪያ በሌለው በአያ ጥልፎ መዝጊያ ላይ አኑራ ማለች፦ «እኔ ዘሚራ የሙናዬ ልጅ፣ ጉሙ ቢውጠኝ፣ ገደሉ ቢሰብረኝ፣ የሐምራን አደራ ይዤ ሳልመለስ እግሬ አያርፍም!»

«እግሬ አያርፍም ያልሽው ለአንቺ ነው፤ የእኔ ከአሁኑ ደክሟል» አለች ሹሬ። ግን ተከተለቻት። እሷ ናት እኮ!

የጉም ተራራ ዛፎቹ ሰው ሲያልፍ ያንሾካሹካሉ፤ ድንጋዮቹ በረገጧቸው ቁጥር ያቃስታሉ። ሁለቱ ልጆች እየተንሸራተቱ፣ አንዷ አንዷን እየጎተተች፣ ጎህ ሲቀድ ጫፉ ላይ ወጡ። ነጭ ጉም ውስጥ ገቡ። ጉሙ ተነፈሰ!

ጉማ ነበር። ዝሆን ያክላል፤ ጸጉሩ ጉም ነው፤ ዓይኖቹ ረጋ ያለ ሐይቅ ይመስላሉ፤ ግንባሩ ላይ አንድ ረጅም ነጭ ቀንድ አለው።

ዘሚራ «መቀርቀሪያችንን መልስ!» ብላ ጮኸች። «እናቴንም አትበላም!»

«እኔ? ሰው ልበላ?» አለ ጉማ፣ ድምፁ ከዋሻ የወጣ ይመስል። «ሰው ምኑ ይበላል፣ ግማሹ ጫማ! እንጨቱን ደግሞ መች ሰረቅሁ። የንጉሡ ወታደሮች ናቸው አምጥተው የወረወሩብኝ።»

«እና የታለ?»

ጉማ አንገቱን ሰበረ። ከእግሩ ሥር አንዲት ቀጭን እንጨት ገፋ አደረገላት። የወጥ ማንኪያ ታክላለች።

«ጨው ጨው ይል ነበር» አለ በጣም አፍሮ። «የስንት ትውልድ እጅ ላብ ገብቶበት! አንድ ጊዜ ልቅመስ ብዬ ላስኩት። ከዚያ አንዴ ልድገም ብዬ...»

«የአገር ሕግ ልሶ ጨረሰ!» አለች ሹሬ ራሷን ይዛ።

ዘሚራ እዚያው ቁጭ አለች። ፀሐይዋ እየወጣች ነው። እናቷ አለቀላት። ድምፅ ሳታሰማ ስታለቅስ ጉማ ጎንበስ ብሎ ጉንጯን ላሰ፤ እንባም ጨው ነው።

«ልጄ» አለ፣ «እኔ ሳላውቅ አደራ በላሁ። ዳርማል ግን እያወቀ ነው የበላው። ከእሱ ጋር በአንድ ስም አልጠራም። ቀንዴን እሰጣለሁ።»

«ያምሃል እኮ!»

«ጉሜ የሚወጣው ከቀንዴ ነው። ያለ እሱ እኔም ፀሐይ ያየኝ ጤዛ ነኝ።»

«እንደዚያማ አይሆንም! እናቴ እንድትኖር አንተ ልትጠፋ? ስጠኝ አልልህም!»

«አልለመንሽኝም እኮ፤ ሰጠሁ። ማቀፊያው የሚፈልገው እሱን አይደል? በሉ ውጡ ጀርባዬ ላይ!»

በዚያ ረፋድ ጉሙ ከተራራው እንደ ጎርፍ ወረደ። ሹሬ «እናቴ ድረሽ!» እያለች ስትጮህ፣ ዘሚራ በጉም ጸጉሩ ተጣብቃ፣ የከተማው ሰው በሙሉ ወዳለበት ደጅ ደረሱ። ሙናዬን እጇን አስረው ከበሩ አውጥተዋታል። ዳርማል ለማየት ሰገነቱ ላይ ቆሟል። ድንገት ዓለም ነጭ ሆነች።

ጉማ ግንባሩን ወደ በሩ አስጠጋ። «ጥሩ ጨው ነበራችሁ» አለና አንገቱን አጠመዘዘ።

ቋ!

ቀንዱ ተሰብሮ ማቀፊያው ውስጥ ገባ። ማቀፊያው አልተፋውም። ጉሙም ስስ፣ ስስ፣ ስስ አለና ከዘሚራ ክንድ ውስጥ ሾልኮ በነነ። ባዶ እጇን ይዛ ቀረች።

የጠባቂዎቹ አለቃ ገንደቦ ጦሩን ወደ እሷ አነሣ። የጦሩ ጫፍ እንደ ጅራት ሲወዛወዝ አየና ወዲያው ጣለው። «እፎይ!» አለ ላቡን እየጠረገ። «እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር።» የሙናዬን ገመድ የፈታው ራሱ ነው።

«ክፈቱ! ክፈቱ ብያለሁ!» ይላል ዳርማል ከላይ።

«ዛሬ የአንተ ተራ አይደለም» አለ አያ ጥልፎ፣ ከሕዝቡ መሐል በምርኩዙ እየተደገፈ። «ሙናዬ፣ አንቺ ጀምሪ።»

ሙናዬ ልጇን እንዳቀፈች ቀና አለች። «የደጅ ቀን መቼ ነው ብዬ ነበር። ዛሬ ነው። ሌላ የምለው የለኝም...» ትንሽ አሰበች። «ኧረ አለኝ!» ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ተናገረች፣ ጎረቤቷም ቀጠለች፣ የሁለት ዓመት ዝምታ በዚያ ደጅ ላይ ፈሰሰ። ፀሐይ ጠልቃ በሩ ሲከፈት ዳርማል ዘውዱን ደፍ ላይ አስቀምጦ፣ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ ሄደ።

ያን ቀን ሁሉም የተወሰደበትን መቀርቀሪያ አንግቦ ወደ ቤቱ ገባ። ሙናዬ በሯን ከውስጥ ስትቀረቅር የተሰማው «ቋ» ዘሚራን አስለቀሳት፤ ስታለቅስ እንቅልፍ ወሰዳት። ከዚያ በፊት ግን ደጃፉ ላይ አንድ አሞሌ ጨው አስቀምጣ ነበር።

ጠዋት ስትከፍት ጨዉ ግማሽ ሆኗል።

«የጎረቤት በግ ይሆናላ» አለች ሹሬ።

ይሆናል። በግ ግን ደጃፉን በጤዛ አርሶ አይሄድም።