ጳጉሜ ሁለት፣ ፎቁ ላይ

ብዙዎቻችሁ እንደማታምኑኝ አውቃለሁ። እኔም ራዲያ ፊቴ ተቀምጣ ባትነግረኝ ኖሮ አላምንም ነበር። ግን በእውነት የሆነ ነገር ነው። ቤቱም ዛሬ ድረስ አለ፤ ደረጃውም አለ። ስሟን እንድጽፍ የፈቀደችልኝም ራሷ ናት።

ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል። ቀኑ ጳጉሜ ሁለት።

ቦታው መርካቶ፣ ከራጉኤል ዝቅ ብሎ ያለ አንድ የድሮ የነጋዴ ቤት።

ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ግድግዳው ድንጋይና ጭቃ፣ ሰገነቱና ደረጃው እንጨት። ዙሪያውን የመስታወት ሕንጻ ሲውጠው እሱ በቅርስነት ተመዝግቦ ተረፈ። በየዓመቱ ጳጉሜ ሲገባ ምድር ቤቱ ውስጥ የእጅ ሥራ ባዛር ይከፈታል። ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቀንድ ጠራቢው፣ ስፌት ሰፊዋ... ሁሉም እዚያው ቁጭ ብሎ እየሠራ ይሸጣል። ዓመቱ ሊለወጥ ስለሆነ ገዢው አይጠፋም።

ራዲያ ስፌት ሰፊ ናት። መሶብ፣ ሙዳይ፣ አገልግል... እጇ የተመሰገነ ነው። በዚህ ባዛር ላይ ሰባት ዓመት ሙሉ ቀርታ አታውቅም። ሰባቱንም ዓመት የመጣችው ከአንድ ልጇ ከሰልሰቢል ጋር ነበር።

ሰልሰቢል አምና፣ በዚሁ ቤት፣ በጳጉሜ ሁለት ሞተች። ሃያ አንድ ዓመቷ ነበር።

የዚያን ቀን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። የሚያውቀው ይመስለዋል ብል ይሻላል። ልጅቷ ደከመኝ ብላ ፎቅ ላይ ያለችው ባዶ ክፍል ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ጋደም አለች። እናቷ ከታች እየሸጠች ነበር። ባዛሩ ሊዘጋ ሲል ልትቀሰቅሳት ወጣች። ሰልሰቢል አልነቃችም።

በልጅነቷ ሲመላለስባት የነበረው ቶንሲል ልቧን ጎድቶት ኖሯል። ሐኪሙ ነው እንዲህ ያለው። አባቷ ሙናዊር፣ "ቀደም ብለን ብናመጣትስ ኖሮ?" ብሎ ጠየቀው። ሐኪሙ አቀረቀረ።

ራዲያ ለባሏም፣ ለለቀስተኛውም፣ ለጎረቤቱም የተናገረችው አንድ ነገር ነው።

"ምንም አልሰማሁም።"

ዘንድሮ ባዛሩ ሲደርስ አልሄድም ብላ ነበር። የቤቱ ጠባቂ ጋሼ ሀብተ ወልድ ቤቷ ድረስ መጥተው ለመኗት። እጅ ሥራ ሲፈታ ሐሳብ ሰውን ይጨርሳል አሏት። ሙናዊርም ሂጂ አላት። ዱባይ ተራ ጫማ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ከሥራ ስወጣ እየመጣሁ ዕቃሽን አነሳልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት።

ሄደች።

ጋሼ ሀብተ ወልድ ከበሩ አጠገብ ሌላ ቦታ ሊሰጧት ፈልገው ነበር። እሷ ግን የድሮ ቦታዬ ይሻለኛል አለች። የድሮ ቦታዋ ደረጃው ሥር ነው። የዚያች ክፍል ወለል ሥር።

የመጀመሪያው ቀን በደህና አለፈ።

በማግስቱ፣ ከቀትሩ የዙህር ሰላት ተመልሳ ተቀመጠች። ዝናቡ ቆም ብሎ ሰዉ ገባ ገባ ማለት ጀምሯል። ፊቷ የውኃ ሳሕን አለ። ስንደዶ ደረቅ ከሆነ ይሰበራል፤ ስለዚህ የሚሰፋ ሰው ውኃ ውስጥ እየነከረ ነው የሚሠራበት።

ውኃው ላይ አቧራ ወደቀ።

ቀና ብላ አየች። የጣሪያው ሳንቃ ነው። አሮጌ ቤት አይደል? ውኃውን ደፍታ ሌላ ቀዳች።

ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ወደቀ። ከዚያው ስንጥቅ፣ ቀጭን ሆኖ፣ እንደ ዱቄት...

አንድ ሰው ከላይ ወለሉ ላይ ሲገላበጥ እንደሚወርደው ዓይነት።

አይጥ ነው አለች በልቧ። ሳሕኑን ገፋ አደረገችው። አቧራውም ሳሕኑ ወደ ሄደበት ተከትሎት ሄደ።

ራዲያ ወስፌዋን ይዛ ጠበቀች። ከዚያ ወዲያ ምንም አልወረደም።

በዚህ መሃል ሪሐና የምትባል ወጣት መጣች። ለኒካዋ የሚሆን ሙዳይ ፈልጋ ነው። አንዱን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ ሌላ አነሳች። ቅድም መጥታ ሰው ከቧት ስላየች ልትመለስ ብላ እንደነበረ ነገረቻት። ቀጥላም እንደ ዋዛ እንዲህ አለች።

"ልጅዎ ባታስጠብቀኝ ኖሮ እሄድ ነበር።"

የራዲያ እጅ ቆመ።

"የቷ ልጄ?"

"ደረጃው ላይ የተቀመጠችው። 'እማ ሥራ በዝቶባት ነው፤ ትመጣለች' አለችኝ።"

ራዲያ ዞር ብላ ደረጃውን አየች። ማንም የለም። ሰው እንዳይወጣ የታሰረው ገመድ እንደታሰረ ነው።

"ምን ለብሳለች?" አለች በሹክሹክታ።

ሪሐና ግራ ገባት። ልብሷን ልብ እንዳላለችው ተናገረች። ፊቷ ግን አመድ መስሎ ነበር አለች።

"ደህና ናት ግን? እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር... እንዲህ።"

መዳፏን ግራ ጡቷ ላይ ጫን አድርጋ አሳየቻት።

በዚያው ቅጽበት ራዲያ ከላይ ሰማች።

"እማ..."

ቀስ ያለ ነው። ያልጮኸ። ሰው እንዳይሰማ የተባለ ዓይነት።

ሪሐና ሙዳዩን እያገላበጠች ነው። አጠገቧ ያለው ሸማኔ መወርወሪያውን ይወረውራል። ማንም ቀና አላለም።

"እማ... ነይ እስቲ..."

አሁን፣ ራዲያ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልነገረችውን ልንገራችሁ።

አምና ሰምታት ነበር።

ሰልሰቢል ከፎቅ ሦስት ጊዜ ተጣርታለች። በመጀመሪያው ራዲያ "መጣሁ" አለች። በሁለተኛው "መጣሁ፣ ትንሽ ታገሺ" አለች። በሦስተኛው ጊዜ አንድ ሰውዬ ትልቁን መሶብ አንስቶ እያየ ነበር፤ እንዳይሄድባት ብላ ጭራሽ አልመለሰችላትም። ከዚያ በኋላ ጥሪው ቀረ። እሰየው፣ እንቅልፍ ወሰዳት ብላ ደስ አላት። መሶቡም ተሸጠ።

ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየጫነች ታያቸው ነበር።

"እማ..."

ሦስተኛው ነው።

ራዲያ ወስፌውን ጣለችው። የውኃው ሳሕን ተገለበጠ። ሪሐና የያዘችውን ሙዳይ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ራዲያ ገመዱን አልፋ ደረጃውን በእጇም በእግሯም ወጣች። በሩ ላይ ትልቅ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። መታችው። ሳበችው።

ጋሼ ሀብተ ወልድ ሩጫዋን አይተው እያለከለኩ መጡ። ከለቅሶው ማግስት ራሳቸው ቆልፈውት ከዚያ ወዲህ እንዳልተከፈተ ነገሯት። ውስጡ አቧራ እንጂ ምንም እንደሌለ ነገሯት። ክንዷን ይዘው ወደ ታች ሊመልሷት ሞከሩ።

"ጋሼ፣ ይክፈቱልኝ።"

"ልጄ፣ ምን ልታደርጊ?"

"ጠርታኛለች።"

ሽማግሌው ትንሽ አይተዋት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ቁልፉ ዝጎ ስለነበር በሁለት እጃቸው ታገሉት። በሩ ሲከፈት እሳቸው አልገቡም። ወደ ደረጃው ግርጌ ወርደው ቆሙ።

ክፍሏ ባዶ ናት። መስኮቱ በሳንቃ ተዘግቷል። ወለሉን የዓመት አቧራ ሸፍኖታል፤ የሰው ዱካ የለበትም።

ሰሌኑ ግን በቦታው ነው። ሰሌኑ ላይ አቧራ የለም።

ራዲያ ተንበርክካ መዳፏን አሳረፈችበት።

ሞቃት ነው።

አሁን ገና የተነሳ ሰው እንደተኛበት ፍራሽ። መሃሉ ላይ የሞቀ፣ ወደ ጫፉ እየበረደ የሚሄድ...

"ሰልሰቢል?" አለች ቀስ ብላ።

መዳፏን ሳታነሳ ጠበቀች።

"ልጄ፣ መጥቻለሁ እኮ።"

ከታች የገበያው ድምፅ ይሰማል። ሳቅ። ክርክር። የሆነ ሰው ዋጋ ይጠይቃል። ከዚያ በዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል አንዲት ሴት ተናገረች። ከደረጃው ሥር። ከራሷ ከራዲያ መቀመጫ።

"መጣሁ።"

ራዲያ ደርቃ ቀረች።

"መጣሁ፣ ትንሽ ታገሺ።"

የራሷ ድምፅ ነው። ያ የገበያ ድምፅዋ፤ ለልጇ እየመለሰች ዓይኗ ግን ገዢው ላይ ሲሆን የምታወጣው፣ ችኩሉ።

በበሩ በኩል ወደ ታች አየች። ጋሼ ሀብተ ወልድ ደረጃው ግርጌ ቆመው ነበር። አንገታቸውን ወደ መቀመጫዋ አዞሩ። ምን እንዳዩ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገሩም። ከዚያ ቀስ ብለው ዞረው ሽቅብ ራዲያን አዩዋት... እላይ መሆኗን ለማረጋገጥ ይመስል።

ኮፍያቸውን አውልቀው በደረታቸው ያዙ።

ራዲያ የሚመጣ ኮቴ ጠበቀች። መጣሁ ያለ ሰው ይመጣል አይደል? ጆሮዋን ደረጃው ላይ ጣለች። አንድም እርምጃ አልተሰማም። ያኔ ነው የገባት። ልጇ አምና በዚህች ክፍል፣ በዚህ ሰሌን ላይ፣ ይህንኑ ድምፅ እየሰማች ነው የጠበቀችው። እናቷ እንደምትመጣ ተማምና። የሚመጣ ኮቴ እያዳመጠች።

በሩን ገፋ አድርጋ መለሰችው። ሰሌኑ ጎን፣ አቧራው ላይ ጋደም አለች። የሞቀውን ቦታ አልነካችም፤ ለልጇ ተወችላት። ክፍሏ ትቀዘቅዛለች፤ የጳጉሜ ብርድ ታውቁት የለ? ሹራቧን አወለቀች። ቀስ ብላ ሰሌኑ ላይ አለበሰችው፤ ጫፍና ጫፉን አስተካከለች።

ከዚያ ስታወራላት ቆየች። ምን እንዳለቻት ጠይቄያት ነበር። እሱ የእኔና የእሷ ነው አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። እያወራች ሳለ፣ ከጎኗ፣ ትንፋሽ ነበር። በመጀመሪያ ቁርጥ ቁርጥ የሚል። ቆይቶ እየረጋ፣ እየረዘመ...

ስትወርድ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ዕቃዋ እንዳለ ነው። ሸማኔው ጠብቆላት ኖሯል። ሪሐና ሙዳዩን በቦታው መልሳ ሄዳለች። ጋሼ ሀብተ ወልድ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ወደ እሷ አልተመለከቱም።

ሙናዊር ከዱባይ ተራ መጣ። ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ትከሻው ርሷል። መሶቦቹን በላስቲክ መጠቅለል ሲጀምር እጁን ያዘችው።

"ሙናዊር፣ ሰምቻት ነበር።"

"ማንን?"

"አምና። ስትጠራኝ... ሦስት ጊዜ። መጣሁ እያልኩ አልሄድኩም።"

ሙናዊር ላስቲኩን አስቀመጠ። ከመሶቦቹ መሃል መሬት ላይ ተቀመጠ። ይጮሃል ብላ ጠብቃ ነበር። ቢመታትም ፈቅዳ ነበር። እሱ ግን ጉልበቶቹን አቀፈ። ሸማኔው ዕቃውን ሰብስቦ ወጣ። ሸክላ ሠሪዋም ወጣች። ምድር ቤቱ ባዶ ሆነ።

ከብዙ ጊዜ በኋላ የጠየቃት አንድ ነገር ነው። ድምፅዋ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር ወይ አላት።

ራዲያ ግማሹን ልትደብቀው ፈለገች። አልቻለችም። ደክሟት ነበር እንጂ አልፈራችም፣ እመጣለሁ ስላልኳት አምናኝ ነበር አለችው።

ሙናዊር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሲነሳ ዓይኑን አላሳያትም። ግን በቀጭን ቀሚስ ብቻ ቆማ ስትንቀጠቀጥ አየ። ሃያ አምስት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ ተቆጥቶም ይሁን አዝኖ ብርዷን ዝም ብሎ አይቶ አያውቅም። ሹራብሽስ የት አለ አላት። ላይ ረስቼው ነው አለችው። ስለ ሰሌኑ አልነገረችውም። ስለ ትንፋሹም አልነገረችውም። ይህን ደጋግማ ምላልኛለች። ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ልታሸክመው አልፈለገችም።

"ላምጣልሽ" ብሎ ወጣ።

የጫማው ድምፅ ደረጃው ላይ ተሰማ። ቀጥሎ የበሩ መንቋቋት ተሰማ።

የሚወርድ ግን የለም።

ቆየ። በጣም ቆየ። ራዲያ ልትጠራው አፏን ከፍታ ተወችው።

በመጨረሻ ሲወርድ ኮቴው አልተሰማም። ሁለቱን ጫማዎች አውልቆ በእጁ ይዟቸዋል። ደረጃው እንዳይጮህ በካልሲ ሆኖ የደረጃውን ጠርዝ ጠርዝ እየረገጠ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ነው የሚወርደው። ሹራቡ በእጁ የለም።

"አላገኘኸውም?" አለችው።

ሙናዊር ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል፤ ፊቱ ግን ሰልሰቢል ከሞተች ወዲህ አይታው እንደማታውቀው ረግቷል።

"ቀስ በይ..." አላት በሹክሹክታ። "ለብሳው ተኝታለች።"