የግራው እጅጌ

ደንበኞቹ «ሚሊ» ይሉት ነበር፤ ከለካ አንዲት ሚሊሜትር አይስትማ! ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሱ ሲሰፋ፣ ሚስቱ ቁልፍ ስትተክልና ስትተኩስ፣ በአንዲት ጠባብ ሱቅ አብረው ኖሩ። ታዲያ የዚህ ሰው ስፌት ይጣመማል ብሎ ማን ያስባል?

መጀመሪያ የተጣመመው የአንድ ሙሽራ ኮት ግራ እጅጌ ነበር። ሚስቱ አየችና ዝም አለች። እሱ ምሳውን በልቶ ጋደም ሲል ፈታችና መልሳ ሰፋችው። በሳምንቱ ሌላ ኮት፣ አሁንም በግራ በኩል። «ደክሞት ነው» አለች ለራሷ። ስሙ ከሚጠፋ የእሷ ጣት በመርፌ ቢበሳሳ ይሻላታል። ስምንት ወር እንዲህ ሸፈነችለት...

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሚሊ ማሽኑ ላይ እንዳለ ግራ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ከወንበሩ ወድቆ ይንፈራገጥ ጀመር።

ሐኪሙ የጭንቅላቱን ምስል አሳያት። «ዕጢ ነው። በቀኝ በኩል ስለሆነ የሚያደክመው ግራ ጎኑን ነው፤ በግራ በኩል ያለውንም ነገር ይስታል። በቀዶ ሕክምና የምንችለውን ያህል እናወጣለን፤ የቀረውን በጨረርና በመድኃኒት እንይዘዋለን። ጨርሶ ይጠፋል ግን አልልዎትም። ለውጥ ያዩበት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ከመቼ? ቀኑን ከነሰዓቱ ታውቀዋለች! እንባ እንኳ ግን አልመጣላትም። የሐኪሙን ብዕር እያየች በድን ሆና ተቀመጠች።

ራሱን ተላጭቶ ለቀዶ ሕክምና ሲጠባበቅ ነገረችው። «ስፌትህን እየፈታሁ ስሰፋ ኖርኩ። ያኔ ተናግሬ ቢሆን...»

ሚሊ ፈገግ አለ። «የአንቺን ስፌት መለየት የሚያቅተኝ መሰለሽ? ከመጀመሪያው ቀን አውቄአለሁ። ሱቁን ዝጋ እንዳትዪኝ ፈርቼ ዝም አልኩ።»

ወይኔ! የሁለቱ ዝምታ ዕጢውን አሳደገው።

ቀዶ ሕክምናውም ስድስት ሳምንት የፈጀው ጨረርም አለፈ። ሚሊ ወደ ማሽኑ ተመልሶ ለራሱ አንድ ግራጫ ኮት ሰፋ። ግራው እጅጌ ተጣሞ ወጣ።

«ይሄንንስ አትፍቺው» አላት።

«እሺ» አለች።

ዕጢው ግን ተመልሶ መጣ። በአራተኛው ወር ሚሊ አረፈ። እሷ እንግዳ ተቀበለች፣ ወንበር ደረደረች፣ «አይዞሽ» ላሏት ሁሉ አንገቷን ነቀነቀች። ውስጧ ባዶ ነበር።

በቀብሩ ዕለት ግራጫውን ኮት ሲያለብሱት እህቱ እጅጌውን ሳብ አደረገች። «ኧረ ይሄ ተጣሟል! ሰው ምን ይላል? ቶሎ አስተካክይው እንጂ!»

እጇ እንደለመደው መቀሱን አነሳ። ዕጣ ፈንታም እንዲሁ ፈትተው መልሰው የሚሰፉት ነገር ቢሆን እሷን ማን ይቀድማት ነበር? መቀሱን መልሳ አስቀመጠች።

«አትንኩት» አለች፤ «እሱ የሰፋው ነው።»

የተጣመመውን እጅጌ ጨብጣ፣ ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ፣ አለቀሰች።