አሥረኛዋ ጥፍር

ቀርጭ አለ።

አይጢት ድምፁን የሰማችው ከገዛ አፏ ነው። የግራ እጇን አውራ ጣት ከጥርሷ አውጥታ አየችና ክው አለች። ስንት ሳምንት ተሰቃይታ ያሳደገቻት ጥፍር ግማሿ የለም። ጥጓ ላይ ቆዳው ተልጦ ቀልቷል። የሂሳብ ፈተናው ሰባተኛ ጥያቄ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ከፊቷ ቁጭ ብሏል።

«አለቀልኝ!» አለች ሳታስበው።

«ኧረ ገና ሰዓት አለሽ፣ አትደንግጪ» አላት ፈታኙ። ስለ ፈተናው መስሎታል።

አይጢት የሚለውን ስም ያወጣላት አባቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ጥፍሯን ስትቀረጥፍ አይቶ ነው እንዲህ ያላት፤ ስሙም በዚያው ቀረ። ዘንድሮ ግን እናቷ ለምናት ነበር። «ለኔ ስትዪ አንዴ አሳድጊልኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም» ብላት ነበር። ሌላም ብዙ ነገር ጠይቃታለች፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ ቤት ቀቢ ነበረች። ኮርኒስ ስትቀባ ኖራ ኖራ ትከሻዋ ተበላሸ፤ ሐኪሙም ክንድሽን ከራስሽ በላይ እንዳታነሺ አላት። አንድ ቀን ከሰዓት ሙሉ አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ወጣችና የጥፍር ሥራ ማሠልጠኛ ተመዝግባ ተመለሰች። ጎረቤት ሲስቅባት «ቀለም ያው ቀለም ነው። ግድግዳው ነው ያነሰው» አለች።

ግድግዳው ማነሱን እጇ አልሰማም እንጂ! መጀመሪያ ቀን ወለሉ ላይ ጋዜጣ አነጠፈች። በአይጢት ጥፍሮች ዙሪያ ያለውን ቆዳ በወረቀት ፕላስተር ሸፈነች፣ ልክ የመስኮት ጠርዝ እንደሚሸፈን። ከዚያ ቀለሙን እንዲህ አወፍራ ደፋችበት፤ እስኪደርቅ ድረስ ልጅቷ ጣቶቿን ዘርግታ ስትቀመጥ ሻይዋን አባቷ ነው አፏ ላይ የያዘላት። እሱም አልቀረለትም። ሶፋ ላይ እንቅልፍ በወሰደው ቁጥር አንድ ጣቱ ቀለም ይዞ ይነቃል። ጋራዥ ውስጥ የትንሿ ጣቱ ጥፍር ሰማያዊ ሆኖ ሲታይ ጓደኞቹ ምን እንዳሉት እስካሁን አልተናገረም።

ነገ ደግሞ የሙከራዋ ቀን ነው። የውበት ሳሎኑ ባለቤት «አንድ ሰው ይዘሽ ነይ፤ አሥሩንም ጥፍር ስትሠሪ ልይሽ» ብላታለች። ያ ሰው አይጢት ናት። ባለቤትየዋ እምቢ ካለች ግን የድሮ አሠሪዋ ሥራ ተቋራጩ ኮርኒሱ ሰማይ የሚያክል አዳራሽ አግኝቶ ይጠብቃታል። «እሷ ካልወሰደችኝ ሰኞ መሰላል ላይ ነኝ» ብላለች እናትየው። ጸጉሯን እንኳን በዚያ ክንዷ ማበጠር አትችልም፤ ካለች ግን አለች ነው።

ከፈተና ሲወጡ አይጢት ጣቷን ለጓደኛዋ አሳየቻት። ይህቺ ልጅ ወሬዋ ስለማይቋረጥ ተማሪው ሁሉ ሬዲዮ ነው የሚላት።

«በላሻት? በቃ በላሻት?» አለች ሬዲዮ፣ ሳቋን ለመያዝ እየታገለች።

«አትሳቂ! እማዬ ትገድለኛለች። ባትገድለኝ ደግሞ ይብሳል፣ ዝም ትላለች።»

«ኧረ አታካብጂ። እህቴ ጋ አርቴፊሻል ጥፍር አለ። ባለ ሱፐር ግሉ ነው። ጠብ አድርገሽ ትለጥፊያለሽ፣ ማንም ነቄ አይልም።»

«እናቴ እኮ ቀለም ቀቢ ናት። የተደፈነ ነገር ከመንገድ ማዶ ነው የምታየው።»

«ነገ ተጨንቃ ምንም አታይም። እመኚኝ!»

አመነቻት፤ ከእህቷ ያመጡትን ተለጣፊ ጥፍርም አውራ ጣቷ ላይ ለጠፉት። ማታ እናትየው ዕቃዎቿን ጠረጴዛ ላይ ደርድራ እያንጎራጎረች ሞረዶቿን ስትጠርግ አይጢት እጇን ከሩቅ አውለበለበች።

«ደህና ናቸው?» አለች እናት።

«ደህና ናቸው።»

«ተባረኪልኝ፣ የኔ እናት።»

ይቺ «የኔ እናት» የምትባል ነገር ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዋ ውስጥ ቆየች።

ሳሎኑ ጠባብና የጸዳ ነበር። ግድግዳው በሙሉ መስታወት ነው፤ የጸጉር ማድረቂያ ወንበሮቹ በአንድ በኩል፣ የጥፍር ጠረጴዛዋ በመስኮቱ በኩል። እናትየው ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ጋዜጣ አውጥታ ወለሉ ላይ ማንጠፍ ጀመረች።

«ልትቀቢ ነው ልታነቢ?» አለች የሳሎኑ ባለቤት። መነጽሯ በአፍንጫዋ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ትልቅ ሴት ናት።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እትዬ» አለች እናት፤ ጋዜጣውን በጥድፊያ ሰበሰበች። አንገቷ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ከዚያ የጥፍሮቹን ወዝ ለመጥረግ ጥጥ በአሴቶን አራሰችና ከቀኝ እጅ ጀመረች። ያን ጊዜ ነው አይጢት ነገሩ የገባት። አሴቶን ሱፐር ግሉን እንደሚያሟሟ ታውቃለች፤ አንዴ የተጣበቀ ክዳን በዚሁ ሲከፍቱ አይታለች። ጥጡ ግራ አውራ ጣቷ ጋ ሲደርስ ጥፍሪቱ ባለቤትየዋ ፊት ትነሳለች። እናቷ የሰው ጥፍር የነቀለች ትመስላለች። ከሥር ያለው ቁስል ደግሞ ይቃጠላል።

ሆዴን አመመኝ ልበል? ሽንት ቤት ልሂድ? ቀኝ እጇ አለቀ። ጥጡ ወደ ግራ ተሻገረ። ትንሿ ጣት። ቀጥሎ ያለችው። እናቷ አንዷን ጥፍር ሁለቴ ሦስቴ ትጠርጋለች፤ ሙሉ ኮርኒስ ሳትደግም የምትጨርስ ሴት።

አይጢት እጇን ላፍ አድርጋ ሳበች።

«እማዬ፣ አውራ ጣቴ ላይ ያለችው የኔ አይደለችም። ተለጣፊ ናት። የኔን በልቻታለሁ።»

እናትየው ልጅቷን አላየችም፤ ጣቷን ብቻ ይዛ ግድግዳ እንደምትመረምር ወደ ብርሃኑ አዞረቻት።

«መቼ?»

«ትናንት፣ ፈተና ላይ። ሰባተኛው ጥያቄ ላይ።»

«መለስሽው?»

«አዎ።»

«እንደሱ ከሆነስ ይሁን» አለችና አሴቶኑን ከደነች። «እትዬ፣ ሞቅ ያለ የሳሙና ውሃ ይኖራል?»

ጣቲቱን ዘፈዘፈቻት። ዘይት ጠብ አደረገችባት፤ ሳትጎትት፣ ሳትቸኩል፣ ተለጣፊዋ በራሷ ጊዜ ለቀቀች። የሚገርመው ከዚያ በኋላ እጇ ረጋ። ዘጠኙን ጥፍር ስስ አድርጋ ቀባች፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግማ። ስትጨርስ ከመቀመጫዋ ተነሳችና ሥራዋን ከሩቅ ለማየት ዓይኗን አጥብባ ወደ ኋላ ተራመደች። ከጸጉር ማድረቂያው ወንበር ጋር ተጋጭታ ቁጭ አለችበት።

ባለቤትየዋ ፈገግታዋን በመነጽሯ ደበቀች። «አውራ ጣቷስ?»

«እሷን አልቀባም።»

«እኔ እኮ አሥር ጥፍር ነው ያልኩሽ። ደንበኛ ከፍላ ዘጠኝ ቀብተሽ ትሰጫታለሽ?»

«እትዬ፣ ቆዳው ተልጧል። ያልደረቀ ልስን ላይ ቀለም ቀብቼ አላውቅም። እዚህም አልጀምርም።»

«ብትቆጣሽስ?»

«ትቆጣ! ሲድንላት ትመጣለች።»

እናቷ ስትገግም እንዲህ ነው፤ ያንን አዳራሽ ከነኮርኒሱ አሁን በትከሻዋ የተሸከመችው ለአይጢት መሰላት። ባለቤትየዋ ጎንበስ ብላ ያልተቀባችውን ጣት አየች። የተቀቡትን ብዙም አላየቻቸውም።

«ቀለምሽ ገና ይወፍራል» አለች ቀና ብላ። «እጅሽም ይከብዳል፣ እናቀለዋለን። ሰኞ ጠዋት ነይ። ጋዜጣሽን ግን ቤት ተይው።»

መንገድ ላይ እናትየው በድንገት ሳቀች፤ ሰው ዞሮ እስኪያያት ሳቀች።

«ሱፐር ግሉ!» አለች። «ይህን ምክር የሰጠሽ ማነው?»

«ሬዲዮ።»

«ዝጊያት!»

ሰኞ ጠዋት እናትየው በሳሎኑ በር ስትገባ አይጢት የፊዚክስ ፈተና ላይ ነበረች። የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ቶሎ ቶሎ ሠራች። ከዚያ አንድ ክፉ ጥያቄ መጣ፤ ደግማ አነበበችው፣ አሁንም አልገባትም። ግራ እጇ ሳታዝዘው ተነሳ። እናቷ ጠዋት የቀባቻት ዘይት ሽታ አፍንጫዋን ነካው።

አውራ ጣቷን ከንፈሯ ጫፍ ላይ አቁማ አየቻት። ቀዩ ጥግ መደብዘዝ ጀምሯል፤ ከሥሩ ክር የምታህል ነጭ ነገር ብቅ ብላለች።

«ገና አልደረቅሽም» አለቻት በሹክሹክታ፤ ጣቷን ከጭኗ ሥር ሸጎጠችና ጥያቄውን እንደገና ከላይ ጀመረችው።