የጠፋችው ቋ

የኮምፒዩተር ፊደል ፋይሎችን ለሌላ መሣሪያ የሚለውጠው ሰውዬ የሥራ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው ከቀኑ በአሥር ሰዓት ነበር። ከክንዱ አጠገብ የሻይ ብርጭቆ፣ ከብርጭቆው ወዲያ ደግሞ መናገር ለተሳናቸው ሕሙማን ከወንድሙና ከሸሪኩ ጋር የሚሠራት፣ መዳፍ የምታህል የመጻፊያ መሣሪያ ነበረች። ስክሪኗ ላይ «ኑሮ ቋቅ ብሎኛል። ይቅር በሉኝ» ይላል።

መርማሪዋ ጽሑፉን ሁለቴ አነበበችው።

«የሱ አነጋገር ነው?»

«የሱ ነው» አለች ሚስቱ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «ሲመረው ቋቅ አለኝ ማለት ይወዳል። ግን እንዴት እንዲህ ጥሎኝ ይሄዳል?»

ሽቦ በያጁ ታናሽ ወንድሙ ከበሩ ሳይርቅ ቆሟል። ጠዋት ከሟቹ ጋር መጨቃጨቁን አልደበቀም። «ተጣልተን ነበር፤ ግን ወንድሜ ነው» አለ። ሸሪኩ፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ሚስቲቱን በክንዷ ደግፎ ያጽናናል።

«አይዞሽ እህቴ፣ እኔ አለሁልሽ።»

እሱ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ዘንድ እንደዋለ ተናግሯል።

መርማሪዋ የሟቹን ደብተር ገለጠች። ጠዋት የኮምፒዩተሩን የፊደል አቀማመጥ ፋይል ትንሿ መሣሪያ ወደምታነበው ዓይነት ለውጦ ኖሯል። ከሥሩ በእጁ ጽፏል፦ «ቋ ጠፍታለች፤ ቁልፉ ቢነካም አትወጣም። ከምሳ በኋላ አስተካክላለሁ።»

በማግስቱ የሐኪሙ ቃል መጣ፦ ሻዩ ተመርዟል፤ ሰውዬው የሞተው ከቀኑ ሰባት ሰዓት በፊት ነው። መርማሪዋ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ምሳ ሳይደርስ ሞተ። ታዲያ ቋን ማን መለሳት? መሣሪያዋ የተስተካከለው ፋይል ስምንት ሰዓት ከሃያ ላይ እንደተጫነባት መዝግባለች። ገዳዩ በእጁ ቢጽፍ ጽሕፈቱ ያሳብቅበታል፤ የሟቹ ኮምፒዩተር በይለፍ ቃል ተቆልፏል። የቀረችው ይህች ናት። ኑዛዜው እንዲታመን ደግሞ የሟቹ ቃል ያስፈልጋል፤ ያ ቃል ያለ ቋ አይጻፍም። ፋይሉን በራሱ ኮምፒዩተር አስተካክሎ መጫን የሚችል ማን አለ?»

«እኔ ከሽቦ በቀር አላውቅም» አለ ወንድምየው። «ፋይሉን የሚያውቁት ወንድሜና...» ዓይኑ ሸሪኩ ላይ ቀረ።

«ደንበኛህ ጋ ደውዬ ነበር» አለችው መርማሪዋ። «ደጃችንን አልረገጠም ብለውኛል። የሟቹን የአምስት ዓመት ድካም በስምህ ለሌላ ድርጅት የሸጥክበት ውልም በሱ መሳቢያ ውስጥ ተገኝቷል። ደርሶብህ ነበር።»

ሚስቲቱ ዛሬም የደገፋትን የሸሪኩን እጅ ከክንዷ አላቀቀች።

«ልጆቼ አጎቴ ነው የሚሉህ» አለች ቀስ ብላ። «ሻዩን ስትሰጠው ምን አለህ?»

ሸሪኩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«የስኳሬን ልክ የምታውቅልኝ አንተ ብቻ ነህ አለኝ።»