ወደ ወንዙ የዞረ ትራስ

አስተርጓሚው ኩሮሳኪ ሞቶ ሲገኝ የቁርሱ ሩዝ ገና ክዳኑ አልተነሳም ነበር። ቅጠል በቀላ ቁጥር ፈረንጅ እየጎተተ ወደዚህ ተራራ የሚመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነበር። ዛሬ አፉ አርፏል።

ሐኪሙ «ተመርዟል» ሲል የማረፊያ ቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ ምግብ አብሳዩን ኢዋሙራን አየው። የትናንቱ እራት የእንጉዳይ ሾርባ ነበር፤ እንጉዳዩን ከጫካ የለቀመው እሱ ነው። አሥር ሰው በልቶ አንድ ብቻ ቢሞትስ? አንድ ክፉ እንጉዳይ ለአንድ ሳህን ይበቃል።

ኢዋሙራ ግን ምንም አልተሰማውም። ጥርሱ ሊነቀል መርፌ እንደተወጋ ሰው ደንዝዞ ቆመ። ፖሊሱ የሾርባውን ድስት በገመድ ሲያስር አየ፤ የሠላሳ ዓመት ስሙ አብሮ ሲታሰር መሰለው።

መርማሪዋ ታኤ ኒሺኩቦ ሁለት ሰዓት ላይ ደረሱ። ጡረታ ሊወጡ ሦስት ወር የቀራቸው፣ ከረሜላ በጉንጫቸው የማይጠፋ አጭር ሴት ናቸው።

«እንጉዳዩን የለቀምከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።» ሁለቱን እጆቹን ዘረጋ።

«ምን አስቸኮለህ? መቼ ጠየቅሁህ? እጅህን ሰብስብና ቤቱን አሳየኝ።»

ሟቹ ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ተንጋሏል። የጠዋቷ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ እግሩ ላይ አርፋለች። ታኤ ጫማቸውን አውልቀው፣ ክብሬ ሳይሉ፣ ሬሳው ጎን ጋደም አሉና ጣሪያውን አዩ። ከዚያ የሰሌኑን ምንጣፍ በጣታቸው ዳበሱ። ፍራሽ ሲጎተት የፋቀው፣ እንደ ማጭድ የጎበጠ አዲስ መስመር ነበረበት።

«ትራሱን በየት በኩል ነው የምታደርጉት?»

የማረፊያ ቤቱ ባለቤት ሺጌኖ በሩ ላይ ቆማ መለሰች። «በደቡብ ነዋ። ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ በቤቴ ትራስ ሁሉ በደቡብ ነው። ወደ ሰሜንማ የሚተኛው ሬሳ ብቻ አይደል?»

«ሰሜን ደግሞ በየት ነው? እኔ እንደሆንኩ ገበያ መሀል የምጠፋ ሰው ነኝ።»

«ተራራው ነው እንጂ። እዚህ ተወልጄ ይጠፋኛል?»

ታኤ ሁሉንም ያንኑ ጠየቁ። ኢዋሙራ በአገጩ ተራራውን አመለከተ፤ ፍጅል የሚያደርቀው ከዚያ በሚመጣው ነፋስ ነው። ሆላንዳዊቷ እንግዳ ማሪኬ ስልኳን አውጥታ አቅጣጫ መፈለጊያውን አሳየቻቸው። አስተናጋጇ ሂሳኖ ሳህን እየደረደረች፣ ቀና ሳትል፣ «ወንዙ በሚወርድበት» አለች።

ታኤ ከረሜላቸውን ወደ ሌላው ጉንጫቸው አዛወሩና ወደ ማሪኬ ተመለሱ።

«ትናንት እራት ላይ ምን ተባለ?»

ማሪኬ በተሰባበረ ቋንቋ ነገረቻቸው። «ኩሮሳኪ ተረት ነገረን። ከሦስት ዓመት በፊት ተራራ ላይ በረዶ መጣ። ዕቃ ተሸካሚው ወደ ኋላ ቀረ። ኩሮሳኪ እንግዶቹን ይዞ ወረደ፤ ለፈላጊዎች ግን ሰውዬው በሌላ መንገድ ቤቱ ገብቷል አላቸው። የተሸካሚውን አረማመድ እያስመሰለ ሲነግረን ሳቅን። ለምን እንደሳቅን አላውቅም።»

«ማን ሰማ?»

«እኛ ብቻ። በእንግሊዝኛ ነበር፤ ሻይ የምትቀዳው ሴትዮ አይገባትም።»

ረፋዱ ላይ ሁሉም በምግብ አዳራሹ ተሰበሰቡ። ድስቱ እንደታሰረ መሀል ላይ ተቀምጧል። ኢዋሙራ ከድስቱ ሌላ የሚያየው አልነበረውም።

«ፍራሹ የዞረው ሰውዬው ከሞተ በኋላ ነው» አሉ ታኤ። «የተኛ ሰው ሲጎትቱት ይነቃል። ስለዚህ ሬሳው ከመገኘቱ በፊት መሞቱን ያወቀ ሰው ገብቷል። ለሬሳ ትራስ ማዞርን ፈረንጅ አያውቅም፤ ማሪኬ ከጥርጣሬ ወጣች።»

«እኛ ቀረን ማለት ነው» አለች ሺጌኖ።

«ቆይ፣ እትዬ። ትራሱ ወደ ሰሜን ቢዞር እናንተን እጠረጥር ነበር። ግን የጠዋት ፀሐይ እግሩ ላይ ነበረች፤ ራሱ በምዕራብ ነው፣ ወንዙ በሚወርድበት። አንቺና ኢዋሙራ ብትሆኑ ወደ ተራራው ታዞሩት ነበር። በታችኛው መንደር ግን ወንዙ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው የሚወርደው፤ ወደ ምዕራብ የሚወርደው እዚህ ቤት አጠገብ ብቻ ነው።» ወደ አስተናጋጇ ዞሩ። «ሂሳኖ፣ ከታችኛው መንደር ተድረሽ ነው የመጣሽው። ሃያ ዓመት እዚህ ኖርሽ፤ ሰሜንሽ ግን የእናትሽ ቤት ሰሜን ነው። ሃያ ዓመት ለፈረንጅ ሻይ የቀዳ ጆሮም ቋንቋ ይገባዋል። በረዶ ላይ የቀረው ተሸካሚ ደግሞ ባልሽ ነበር፤ መዝገባችን ላይ አለ።»

ሂሳኖ ትሪውን በቀስታ አስቀመጠች። «ማታ በቀዳሁለት የሩዝ አረቄ ላይ የአማቴን የልብ መድኃኒት ጨመርኩበት» አለች፣ የገበያ ዕቃ እንደምትቆጥር ሁሉ።

«ትራሱን ባትነኪ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«ባሌን በረዶው ሲቀልጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነው ያገኘነው። ራሱን የሚያዞርለት አልነበረም። ጠዋት ገብቼ ይሄኛውን ሳየው እጄ ዝም ብሎ ሠራ።»

ኢዋሙራ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «እኔን ሲወስዱኝ ዝም ልትይ ነበር?»

«የምናገር መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ። አፌ አልታዘዝ አለኝ።»

ተነስታ የድስቱን ገመድ ፈታች። ፖሊሱ ሊዘል ሲል ታኤ እጅጌውን ያዙት። ሂሳኖ ጭልፋውን አጥልቃ፣ እንጉዳዩን አላምጣ፣ ሁሉም እያያት ዋጠች። ደገመች።

«ከዚህ ድስት ማንም አልሞተም» አለች። «ጨው ብቻ አንሶታል።»

ወዲያው እጇን ለፖሊሱ ሰጠች። ስትወጣ በሩ ላይ ማንንም ዞራ አላየችም።

ከዚያ ሺጌኖ፣ ከጠዋት ጀምሮ የኢዋሙራን ዓይን ስትሸሽ ያረፈደችው፣ ሳህኗን ይዛ መጣችና ፊቱ ዘረጋችው። ማሪኬም ከኋላዋ ተሰለፈች።

«ቀዝቅዟል» አለ ኢዋሙራ። «ላሙቅላችሁ።»

ክብሪቱን ጫረ። ጭልፋውን አንስቶ ቀመሰና ጨው ጨመረ።