ከፍሪጁ በላይ ዘጠኝ ዳቦ

አርብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በረዶ ያዘለ ጥቁር ደመና ከድሆቹ ሠፈር ከአሌክሳንድራ የቆርቆሮ ጣራዎች በላይ ቆሞ ነበር።

ኤርጎጌ ከታክሲው ወረደች። አዲስ አበባ ሳለች ሃያ ዓመት የግድያ ወንጀል መርምራለች፤ አሁን በስደት፣ ጀፕስታውን ገበያ ውስጥ መጋረጃ ትሸጣለች። የጠሯት ማማ ኖምሳ ናቸው፤ የሟቹ የአገሯ ልጅ የዮአብ ሱቅ ያለበት ግቢ ባለቤት፣ የተጠርጣሪውም እናት።

ዮአብ የተገደለው ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። «የውጭ ሰዎች ሱቅ ይዘጋ» የሚሉ ሰልፈኞች አለፉ፤ ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ በስፓዛው፣ በትንሿ የሠፈር ሱቁ፣ ወለል ላይ ራሱን በብረት ተመትቶ ተገኘ። የማማ ኖምሳ ልጅ ሉንጋ ዱላ ይዞ በሱቁ በር ላይ ሲጮህ በስልክ ተቀርጿል። ታስሯል።

«ጮኋል» አሉ ማማ ኖምሳ በእንግሊዝኛ። «ሰባት ዓመት ሥራ ፈለገ። በስልኩ የነጮች አገር ሰልፍ ሲያይ ይውላል፤ እዚያም ‹አገራችንን መልሱልን› ይላሉ። እዚህ ያሉትም ‹ሥራህን የቀማህ ባለሱቁ ነው› አሉት።» ከአውራ ጎዳናው ማዶ ወደሚያብረቀርቁት የሳንድተን የሀብታም ፎቆች አገጫቸውን አነሡ። «ወደዚያ የጠቆመለት ሰው የለም። ግን አልገደለም።»

«ሬሳውን ያዩት እርስዎ ነዎት?»

«በሩ ገርበብ ብሎ እግሩን አየሁ። ውስጥ አልገባሁም። ፖሊስ ጠራሁ፤ ሬሳውንና የተመታበትን የብረት መቁረጫ ወስደው ሱቁን አሸጉት። የቆለፉበትን ቁልፍ የሰጡኝ ዛሬ ነው። ከፖሊስ በቀር የገባ የለም።»

በማማ ኖምሳ ሳሎን ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። የሟቹ ሚስት ፊቤ፤ የንግድ ሸሪኩ ታምሩ፤ የስደተኛ ነጋዴዎቹ ማኅበር ሊቀመንበር አሳምነው። አሳምነው ጅምላ አከፋፋይ ነው፤ የሚኖረው ከማዶ ካሉት ፎቆች በአንዱ ነው። በፊቱ አንድ ወረቀት ተዘርግቷል። «ሉንጋ ወደ ሱቁ ሲገባ አይተናል» ይላል። ታምሩ ፈርሟል። የፊቤ ቦታ ባዶ ነው።

«ወይዘሮ ኤርጎጌ፣ መጋረጃውን ትተው መጡ?» አለ አሳምነው።

«ያው መግለጥ ነው፣ አቶ አሳምነው» አለችና ወደ ታምሩ ዞረች። «ሲገባ አየኸው?»

«ቪዲዮው አለ እኮ፣ እትዬ።»

«ሲገባ ነው ወይስ ሲጮህ?»

ታምሩ ጫማውን ተመለከተ። «ካልፈረምክ ማኅበሩ ለፔፐርህ፣ ለመኖሪያ ፈቃድህ፣ አይቆምም ተባልኩ።»

«ወረቀቱ እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ለዐቃቤ ሕግ መድረስ አለበት» አለ አሳምነው። «ፊቤ፣ ልጄ፣ የባልሽ ደም ነው። ፈርሚ።»

ፊቤ እስክሪብቶውን አላነሣችም። «ረቡዕ ጠዋት ደውሎልኝ ነበር። ‹የሱቆቹን ዝርዝር ለሰልፈኞቹ የሰጠውን ደርሼበታለሁ፤ ዛሬ ሱቄ ጠርቼ ፊት ለፊት እጠይቀዋለሁ› አለኝ። ማን ነው ስለው፣ ‹ሳልሰማው ስሙን አላጠፋም› አለ።»

ዝርዝሩን ታምሩ ከኪሱ አወጣው። ሰልፈኞቹ የበተኑት ወረቀት ነው፤ የአሥራ አራት ሱቆች አድራሻ አለበት።

«የገረመኝ አሥራ አራተኛው ነው» አለ። «የእኔ ነው፤ ገና አልከፈትኩትም። ምቀኛ ይበዛል ብዬ ለፊቤ እንኳ አልነገርኳትም። ለማኅበሩ አስመዝግቤ ዝም ብዬ ነበር።»

ማማ ኖምሳ ሻይ በወተት አቀረቡ። አሳምነው ስኒውን በጣቱ ገፋ አደረገ።

«ለእኔ ጥቁር ይሁንልኝ። አርብ ነው።»

«በጾም ከጋሽ አሳምነው ጋር ቀልድ የለም» አለ ታምሩ፤ ሳቅ ሲሞክር ድምፁ ተሰበረ። «ለእኛ ለጴንጤዎቹ ይተርፈናል፤ አምጡት።»

«ይህ ሁሉ ጥያቄ ለምን እንደሆነ አይገባኝም» አለ አሳምነው። «ራበን ይላሉ። ዳቦውን እንኳ ሳይነኩት ነው የሄዱት! ጥላቻ ነው እንጂ ረሃብ አይደለም።»

ኤርጎጌ ስኒዋን አስቀመጠች። ከማማ ኖምሳ ቁልፉን ተቀብላ ወደ ሱቁ ሄደች።

ሱቁ ጨለማ ነበር። ከተገለበጠው መደርደሪያ የወደቀ ስኳር፣ ሳሙና፣ የበቆሎ ዱቄት ወለሉን ሞልቶታል። የብረት በሩ በላሜራ ተሸፍኗል፤ ካለፈው ዓመት ሰልፍ ወዲህ ባለሱቆቹ የበራቸውን ጓጉንቸር ወደ ውስጥ አዙረውታል። የዮአብ ጓጉንቸር ተቆርጧል። ከውጭ ግን ጣት እንኳ አይደርስበትም። ከባንኮኒው ጀርባ፣ ከበሩ በማይታይ ጥግ፣ ፍሪጅ ቆሟል። ከላዩ ዘጠኝ ዳቦ ተደርድሯል፤ በላስቲካቸው ላይ ዱቄት የጠረጉ ጣቶች መሥመር ይታያል። ዮአብ ያድርበት በነበረው ጓዳ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሳህን አለ፤ በአንዱ የተረፈ እንቁላል፣ በሌላው የጣሳ ባቄላ ደርቋል።

ለረጅም ጊዜ ቆማ አየችው። ከዚያ ለመርማሪው ፖሊስ ደወለች።

ስትመለስ ነጎድጓዱ ቀርቦ ነበር። ቆማ ተናገረች።

«ሉንጋ ከውጭ ነው የጮኸው። ጓጉንቸሩ የተቆረጠው ከውስጥ ነው። ዮአብ በሰልፍ ቀን ለማን ይከፍታል? ለሚያውቀው ሰው ብቻ። ታምሩ፣ ፖሊስ የወሰደው የብረት መቁረጫ የማን ነው?»

«የራሱ። እሳት ቢነሣ ማምለጫ ብለን ሁላችንም ከአልጋ ሥር እናስቀምጣለን።»

«እንግዳው መሣሪያ ይዞ አልመጣም ማለት ነው። ለማዕድ ነው የተቀመጠው። ዮአብ ለራሱ እንቁላል ጠበሰ፤ ለእንግዳው ባቄላ ከፈተ። ረቡዕ ነበር።»

ታምሩ ቀስ ብሎ ቀና አለ። «እኔ ብሆን እንቁላሉን አልተውለትም ነበር» አለ። የሳቀ የለም።

«ተጣሉ። እንግዳው መታው። ዘረፋ ለማስመሰል ጓጉንቸሩን ቆረጠ፣ መደርደሪያውን ገለበጠ። ዳቦው ወደቀ። የራበው ሰው ዳቦውን ይወስደዋል፤ የተቆጣ ይረግጠዋል። ይህ ሰው ግን አንድ በአንድ አነሣው፣ ጠረገው፣ ከፍ ካለ ቦታ አኖረው። እናቱ እህል መርገጥ ነውር ነው ብላ ያሳደገችው፣ የማይራብም ሰው ነው።»

የመጀመሪያው በረዶ ቆርቆሮውን መታ።

«አቶ አሳምነው፣ ሱቁ ሁለት ቀን ታሽጎ ነበር። ዳቦው ከበሩ አይታይም። እንዳልተነካ በምን አወቁ?»

አሳምነው ከረባቱን አላላ። «ሰው ነገረኝ።»

«ማን? ማማ ኖምሳ አልገቡም። የታምሩን አዲስ ሱቅ ያወቀስ ከማኅበሩ መዝገብ ሌላ ማን ነው? መዝገቡ በማን እጅ ነው?»

አሳምነው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ዝርዝር ባልሰጣቸው ሁሉንም ያቃጥሉ ነበር። አሥራ አራት ሰጥቼ መቶ አዳንኩ። ነገርኩት፤ ሊሰማኝ አልፈለገም። ለሁሉም እናገራለሁ አለ።»

«ከአሥራ አራቱ አንዱም የእርስዎ አይደለም። አምና በሰልፉ ተዘግተው እንደገና የተከፈቱት ሰባት ሱቆች ዛሬ የማንን ዕቃ ይሸጣሉ? የእርስዎን አይደለም?»

አሳምነው ለመነሣት ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

ፊቤ አየችው። «ባቄላ ከፍቶልህ ነበር» አለች። ከዚያ ወረቀቱን ከፊቱ ወሰደች፤ ሁለት ጊዜ አጥፋ በማማ ኖምሳ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። ማማ ኖምሳ እጇን ያዙና አልለቀቁም።

ፖሊሶቹ ሲመጡ የአሳምነው ጥቁር ሻይ ሳይጠጣ ቀዝቅዞ ነበር።

ሉንጋ ሰኞ ተፈታ። በማግሥቱ ማታ በየግድግዳው አዲስ የሰልፍ ጥሪ ተለጠፈ፤ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሰልፈኞቹ አሥራ አራት አድራሻ ያለበትን ያንኑ ወረቀት ይዘው ወጡ።